ሲነኩት የሚታጠፈውን ሚሞሳ ከዘር አብቅሎ የልጆች መማሪያ ማድረግ

ሚሞሳ ፑዲካ ቅጠሉን በእርሳስ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ጥንድ ጥንዱን እየገጠመ የሚታጠፍ ትንሽ ተክል ነው። ጠንከር አድርገው ከነኩት ደግሞ ቅጠሉን ከነዘንጉ ወደ ታች ጥሎ የጠወለገ ይመስላል። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ከታገሡት መልሶ ይዘረጋል። የአተር፣ የባቄላ፣ የምስር፣ የሽምብራና የግራር ዘመድ ነው። የትውልድ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ቢሆንም ዛሬ በብዙ ሞቃት አገሮች በመንገድ ዳርና በሣር ሜዳ ላይ በአረምነት ይገኛል።

ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት በተለይ ለወላጆችና ለሳይንስ መምህራን ነው። ተክል ሕይወት እንዳለው፣ ከውጭ የሚደርስበትን ነገር ለይቶ መልስ እንደሚሰጥ ለልጅ በቃል ማስረዳት አድካሚ ነው፤ በዚህ ተክል ግን ልጁ ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ ሞክሮ፣ መልሱን በዓይኑ ያያል። ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፤ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሁለት ነገር ግን ከአሁኑ አጥብቄ ልናገር። አንደኛ፣ ይህ ተክል ከዕቃ ውጭ፣ መሬት ላይ አይተከልም። ሁለተኛ፣ ያለ ምክንያት አይነካካም። ለምን እንደሆነ እየቆየ ይገባችኋል።

ዘሩን ከማፈላለጋችሁ በፊት

ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ ዘሩን መጀመሪያ አገር ውስጥ ጠይቁ፤ የጌጥ ተክል የሚሸጡ ችግኝ ጣቢያዎችን፣ የዕፅዋት ትምህርት የሚሰጥባቸውን ተቋማት፣ በቤቱ የሚያሳድግ ሰው ካወቃችሁ እሱን። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ሸጉጦ እንዲያመጣላችሁ አታድርጉ። ዘር ድንበር የሚሻገረው በዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀትና በኳራንቲን ቁጥጥር ነው፤ ሥራው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ፓርቲኒየም ማሳውን፣ እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረጉ ላየ ሰው ይህ ቁጥጥር ከንቱ ልፋት አይመስለውም።

የሚሞሳ ወገን በዚህ ረገድ ስሙ የጠፋ ነው። የፑዲካ ትልቅ ወንድም የሆነው ሚሞሳ ፒግራ እስከ 6 ሜትር የሚያድግ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በሰሜን አውስትራሊያ የዳርዊን ዕፅዋት መካን ገባ። ለብዙ ዓመታት ምንም ሳያደርግ ቆይቶ በኋላ በጎርፍ ውሃ እየተንሳፈፈ ወንዝ ለወንዝ ተሰራጨና እጅግ ሰፊ ረግረጋማ መሬት በእሾህ ሸፈነ። በዛምቢያም በካፉዌ ወንዝ ዳር ያለውን የዱር እንስሳት ግጦሽ ወርሯል። ፑዲካ እንደ ፒግራ ግዙፍ አይደለም፤ ሆኖም መሬት ለመሬት ይሳባል፣ እሾህ አለው፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አዲስ አበባ ብርዱ ይገታው ይሆናል፤ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ ወይም ጅማ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የላቸውም።

አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ያላችሁ በአበባ ዘር መሸጫዎች በቀላሉ ታገኙታላችሁ። የሚሸጠው ፓኬት ላይ ሳይንሳዊ ስሙ ተሟልቶ መጻፉን አረጋግጡ። «ሚሞሳ» የሚባለው ስም ለብዙ ዛፍ ተሰጥቷል፤ በአውሮፓ አበባ መሸጫዎች ሚሞሳ ሲባል ብዙ ጊዜ ቢጫ አበባ ያለው የአውስትራሊያ ግራር ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ ሮዝ ጭራ የመሰለ አበባ ያለው የጥላ ዛፍ በዚሁ ስም ይጠራል። ሁለቱም ቢነኳቸው አይታጠፉም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

የእርጎ ወይም የቡና ኩባያ (ከታች ሦስት አራት ቦታ የተበሳ)፣ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ የጥፍር ሞረድ ወይም አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበት የብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ አፈር። አፈሩ ሦስት ነገር የተደባለቀበት ይሁን፦ ቀይ አፈር፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ አሸዋ፣ እኩል በእኩል። ጥቁር የመረሬ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ውሃ ይዞ ሥሩን ያፍነዋል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ኮምፖስቱ ገና ሽታ ያለውና የሚሞቅ ከሆነ ይቆይ።

ጊዜ መምረጥ

ዘሩ ለመብቀል ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። በአዲስ አበባና በመሰል ደጋማ ከተሞች ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ደመናው ብርሃን ይነፍገዋል። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ ያላችሁ ወሩን ብዙም መቁጠር የለባችሁም። በአሜሪካና በአውሮፓ በመጋቢት መጨረሻ ቤት ውስጥ ጀምሩት።

ዘሩን ማንቃት

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ዘሩን እንዲሁ አፈር ውስጥ ይጨምርና ወር ይጠብቃል፤ ምንም አይወጣም፤ ዘሩ የሞተ ይመስለዋል። ዘሩ ግን አልሞተም። 3 ሚሊ ሜትር የማትሞላዋ ጠፍጣፋ ቡናማ ፍሬ ውሃ የማያስገባ ልባስ ለብሳለች። በዱር ሲሆን ይህን ልባስ ሙቀትና ብርድ፣ አሸዋና ጊዜ ቀስ በቀስ ይሰነጥቁታል። ቤት ውስጥ ይህን ሥራ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

ዘሯን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዟትና ጠርዟን በጥፍር ሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈግፍጉ። ቡናማው ልባስ ተልጦ ከሥሩ ፈዛዛ ቀለም ብቅ ሲል አቁሙ። በጎን ከምትታየው ሹል ጫፍ ራቁ፤ ፅንሱ ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ እሱን ከጎዳችሁ ዘሩ አይበቅልም። አሥር ዘር ለመፈግፈግ ትዕግሥት ካጣችሁ በሁለት የብርጭቆ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ማሸትም ይሆናል፤ እኔ ግን አንድ በአንድ መፈግፈጉን እመርጣለሁ፤ እያንዳንዱን ዘር ስለምታዩት።

ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ እስከ 24 ሰዓት አሳድሩት። ልጆች እንግዲህ እዚህ ጋ ይምጡና ያወዳድሩ፤ ውሃ የገባቸው ዘሮች በማግስቱ ወፍረውና ቀለማቸው ፈክቶ ይታያል፤ ልባሳቸው ያልተነካው ልክ እንደ ትናንቱ ደረቅና ትንሽ ናቸው። ያላበጡትን አትጣሉ፤ መልሳችሁ ፈግፍጉና ሌላ ሌሊት አሳድሩ።

ሞረድ የሌለው ውሃ አፍልቶ ከእሳት ያውርድ፤ መፍላቱን አቁሞ ትንሽ እንደበረደ ዘሩ ላይ አፍስሶ እዚያው እስኪቀዘቅዝ ይተወው። ይህ ዘዴ ለግራር ዘርም የሚሠራ ነው። ከእሳት ላይ ሆኖ እየተንተከተከ ባለ ውሃ ውስጥ ዘሩን ማቆየት ግን ይቀቅለዋል።

መዝራት

አፈሩን ኩባያው ውስጥ ሞልታችሁ በውሃ አርሱት፤ ትርፉ ከታች ይንጠፍጠፍ። በአንድ ኩባያ ሁለት ዘር በቂ ነው። ዘሩን ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቅበሩት፤ ከዚህ የጠለቀ እንደሆነ ለመውጣት አቅም ያጥረዋል። የሃይላንዱን ግማሽ ቆርጣችሁ ክዳኑን በማውለቅ እላዩ ላይ ድፉበት፤ እርጥበቱና ሙቀቱ ይጠበቃል፣ አየሩም በአፉ ይወጣል። ሙቀት ያለበት፣ ብርሃን የሚያገኝ ነገር ግን ጠራራ ፀሐይ ሃይላንዱን የማያግልበት ቦታ አስቀምጡት። ልባሱ የተፈገፈገ ዘር ሙቀት ካገኘ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወጣል።

በመጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ወፍራም ክብ ቅጠሎች ከዘሩ ውስጥ የነበሩ የስንቅ ቅጠሎች ናቸው። እነሱን ብትነኳቸው አይታጠፉም፤ ልጆች እዚህ ላይ ቅር እንዳይላቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ቀጥሎ ከመሃላቸው ላባ የመሰለች ትንሽ ቅጠል ትዘረጋለች። የምትታጠፈው እሷ ናት፤ ለጋ ስለሆነች ግን ሌሎች አራት አምስት ቅጠሎች እስኪከተሏት ድረስ ተዉአት።

ከበቀለ በኋላ

ሃይላንዱን በአንድ ጊዜ አታንሱት፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሰዓት እያነሳችሁ አየሩን አለማምዱት። ከዚያ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝበት መስኮት ላይ አኑሩት። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ጥሩ ነው። አፈሩ ላዩ ደረቅ ሲል አጠጡት፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ እንዲቆም አታድርጉ። ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲጠጋ ወደ ትልቅ ዕቃ አዛውሩት፤ በዚህ ጊዜ ኩባያውን በመቀስ ቆርጣችሁ አፈሩን ሳይፈርስ ከነሥሩ አስቀምጡት፤ ሥሩ መነካካት አይወድም።

ማዳበሪያ አታብዙበት። እንደ ባቄላና እንደ ግብጦ ሁሉ ሥሩ ላይ ትንንሽ ኳሶች ያበጅና እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ይመግቡታል። ብዙ ናይትሮጅን የጠጣ ተክል ቅጠሉ ይበዛል፤ አበባው ይዘገያል። በሁለት ወር አንዴ አንድ እፍኝ ኮምፖስት ላዩ ላይ መበተን ይበቃዋል።

ግንዱ እሾህ አለው፤ ትንንሽ ልጆች ቅጠሉን እንጂ ግንዱን እንዳይጨብጡ አሳዩአቸው። ቅጠሉና ዘሩ ሚሞሲን የሚባል መርዛማነት ያለው ንጥረ ነገር አላቸው፤ ሉኬኒያ በተባለው የመኖ ዛፍ ቅጠል ውስጥ ያለው፣ ፈረስና አህያ አብዝተው ሲበሉት ጭራና ጋማቸውን የሚያረግፈው ያው ነው። ስለዚህ ሰው አይብላው፣ ሻይ ተብሎም አይፈላ፣ የተቆረጠውም ለበግና ለፍየል አይጣል።

ምን ሆኖ ነው የሚታጠፈው

ከሙከራው በፊት ይህን ለልጆች ማስረዳት ይጠቅማል፤ አለዚያ ነገሩ የአስማት ትርኢት ሆኖ ይቀራል።

አንዱን ቅጠል ከፀሐይ ፊት አቅንታችሁ ተመልከቱ። የቅጠሉ ዘንግ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ያበጠ፣ ቀላ ያለ፣ ፀጉራም አንጓ ታያላችሁ። ተመሳሳይ፣ ግን በጣም ትንንሽ አንጓዎች እያንዳንዷ ቅንጣት ቅጠል (ጥንድ ጥንድ ሆነው ቅጠሉን ከሚሠሩት ጥቃቅን ቅጠሎች አንዷ) ሥር አሉ። እንቅስቃሴው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። በአንጓው ውስጥ ያሉ ሕዋሶች ውሃ ሞልቷቸው ተወጥረው ቅጠሉን ደግፈው ይዘውታል። ንክኪ ሲደርስ የኤሌክትሪክ መልእክት በቅጠሉ ዘንግ በሰከንድ 2 እና 3 ሴንቲ ሜትር ያህል እየሄደ አንጓው ጋ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ በአንጓው አንድ ጎን ያሉት ሕዋሶች ፖታሲየምና ክሎራይድ ወደ ውጭ ይለቅቃሉ፤ ውሃውም ተከትሎ ይወጣል። ያ ጎን አየሩ እንደወጣ ጎማ ይሟሽሻል፤ ሌላው ጎን እንደተወጠረ ስለሆነ ቅጠሉ ይወድቃል። ለመዘርጋት ደግሞ ሕዋሶቹ ፖታሲየሙን ጉልበት አውጥተው መልሰው ማስገባት አለባቸው፤ መታጠፉ ፈጣን፣ መዘርጋቱ ዘገምተኛ የሆነው ለዚህ ነው። ጡንቻ የለም፤ ነርቭ የለም። ሆኖም የኤሌክትሪክ መልእክት አለ፤ ይህንንም ከመቶ ዓመት በፊት ሕንዳዊው ሳይንቲስት ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ራሱ በሠራቸው መሣሪያዎች ለክቶ አሳይቷል።

ለምን ይታጠፋል ለሚለው ጥያቄ ሰው ለረጅም ጊዜ ብዙ ግምት ሲሰጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 የጃፓኑ ሳይታማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን መታጠፍ የማይችሉ ሚሞሳዎችን አዘጋጅቶ ፌንጣ ለቀቀባቸው፤ መታጠፍ ከሚችሉት ይልቅ እነሱ ይበልጥ ተበሉ። በዚያው ሥራቸው መልእክቱ ሲጓዝ ካልሲየም በቅጠሉ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በሚያበራ ፕሮቲን በቪዲዮ ቀርጸዋል።

ከዚህ የምንወስደው አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። የታጠፈ ቅጠል ፀሐይ አያገኝም፤ ብርሃን አስተጻምሮው ይቀንሳል፤ ለመዘርጋትም ጉልበት ያወጣል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እየተነካካ የሚውል ሚሞሳ ይቀጭጫል። ከላይ አይነካካ ያልኩት ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ንክኪ ከጀርባው ጥያቄ ይኑረው፤ የማይነካ መወዳደሪያ ተክልም ሁልጊዜ ከጎኑ ይቀመጥ።

ሙከራዎች

*መልእክቱ የት ድረስ ይሄዳል?* ይህ የመጀመሪያው ይሁን። አንድ ልጅ የቅጠሉን ጫፍ ላይ ያለችውን ቅንጣት ብቻ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ በጣም በዝግታ ይንካ፤ ሌላው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽ። ጥንዶቹ ከጫፍ ወደ ግንዱ እየተከታተሉ ሲገጥሙ ይታያል። ቀጥሎ በሌላ ቅጠል ላይ ከግንዱ በኩል ያለችውን ቅንጣት ንኩ፤ አሁን ደግሞ ወደ ጫፉ ይሄዳል። በመጨረሻም ዘንጉ ሥር ያለውን ያበጠ አንጓ ከታች በኩል ንኩ፤ ዘንጉ ይወድቃል። የቅጠሉን ርዝመት በማስመሪያ ለክቶ ቪዲዮው ላይ ካለው ሰከንድ ጋር በማካፈል ልጆቹ የመልእክቱን ፍጥነት ራሳቸው ማስላት ይችላሉ። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው ስሌት ነው፤ መልሱም መጽሐፍ ላይ ካለው ጋር ሲቀራረብ ማየት ትልቅ ደስታ ነው።

*ንክኪ ብቻ ነው?* በአንዱ ቅጠል ላይ የውሃ ጠብታ፣ በሌላው የበረዶ ቁራጭ፣ በሦስተኛው በአፍ እፍ ማለት። በረዶው ባይጫንም እንኳ ሊያጥፈው ይችላል፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜም ለተክሉ መልእክት ነው። ክብሪት ለኩሶ ማስጠጋት በብዙ ቦታ የሚሠራ ትርኢት ነው፤ ምላሹም ኃይለኛ ነው፤ ቅጠሉ ግን ስለሚቃጠል ከልጆች ጋር አታድርጉት።

*ይለምዳል?* ይህ የእኔ ተወዳጅ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞኒካ ጋልያኖና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ሚሞሳን ከነዕቃው ከ15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ደጋግመው ለስላሳ ነገር ላይ ጣሉት። መጀመሪያ ላይ ቅጠሉን አጠፈ፤ ጉዳት እንደሌለው ሲደጋገም ግን መታጠፉን ተወ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላም ልማዱ አልጠፋም።

በቤት ሲሠራ፦ ወፍራም ስፖንጅ ወለል ላይ አንጥፉ። ዕቃውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ስፖንጁ ላይ ጣል አድርጉት፤ ከፍታው በማስመሪያ ይለካ፣ ሁልጊዜም እኩል ይሁን። በየአምስት ሰከንዱ ደጋግሙ፤ አንድ ልጅ ስንተኛው ላይ ቅጠሎቹ መታጠፍ እንዳቆሙ ይመዝግብ። ካቆመ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ለምዶ ነው ወይስ ደክሞ? ለማወቅ ወዲያው በተለየ መንገድ ንኩት፤ ለምሳሌ በጣት። በጣት ሲነካ ከታጠፈ አልደከመም ማለት ነው። ልጆች ማስተባበያ ሙከራ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚማሩበት ነገር አላውቅም። ይህን ግኝት «ትውስታ» ብሎ መጥራት ይገባል አይገባም በሚለው ላይ ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ይህንንም ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ሳይንስ የተዘጋ መጽሐፍ እንዳልሆነ ይወቁ።

*ጨለማ ውስጥስ?* ሚሞሳ ማንም ሳይነካው ማታ ማታ ይታጠፋል፤ ጠዋት ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ1729 ፈረንሳዊው ዣን ዣክ ደ ሜራን ተክሉን ጨለማ ቦታ አስገብቶ ቢያየው ፀሐይ ሳያይም ጠዋት ሲዘረጋ፣ ማታ ሲታጠፍ አገኘው። በሕያው ነገር ውስጥ የራሱ የሰዓት ቆጣሪ አለ የሚለው ጥናት ከዚህ ጀመረ ማለት ይቻላል። እናንተም ተክሉን ወፍራም ካርቶን ደፍታችሁበት ለሁለት ቀን አቆዩት። ጠዋት 3 ሰዓትና ማታ 3 ሰዓት ላይ በደበዘዘ መብራት ፈጥናችሁ አይታችሁ መልሳችሁ ድፉት። ከሁለት ቀን በላይ አታቆዩት፤ ይጎዳል።

ምላሹ ሲደክም

ሲነካ ቶሎ የማይታጠፍ ተክል አብዛኛውን ጊዜ የሚነግራችሁ ከሦስት አንዱን ነው፦ በርዶታል፣ ጠምቶታል፣ ወይም ብርሃን አጥቷል። በደጋ ከተማ ማለዳ ላይ ምላሹ ዘገምተኛ ቢሆን አትደንግጡ፤ ፀሐይ ሲሞቀው ይነቃል። ስለዚህ ሙከራውን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ አድርጉት። ያረጀ የታችኛው ቅጠልም ምላሹ ደካማ ነው፤ ከላይ ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ምረጡ።

ቡቃያው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ ከወደቀ ውሃ በዝቶበታል፤ አይድንም፣ አፈሩን ለውጣችሁ እንደገና ዝሩ። ቅጠሉ በጥቃቅን ፈዛዛ ነጥቦች ከተሞላና ከሥሩ ስስ ድር ካለ ቀይ ሸረሪት የሚባል ጥቃቅን ተባይ ነው፤ በደረቅና ሞቃት ክፍል ይበዛል። ዕቃውን አዘንብላችሁ የቅጠሉን ጀርባ በሚረጭ ውሃ እጠቡት፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ደጋግሙት። ሲታጠብ መታጠፉ አይቀርም፤ ምንም አይደለም።

ዘር የሌለው ሰው ምን ያድርግ

ሚሞሳ ስላላገኛችሁ የሚቀር ትምህርት የለም። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ግቢ ውጡና ሰስባንያን፣ ሉኬኒያን፣ ግራርን፣ ቆላ ያላችሁ ደግሞ ሁመርን በባትሪ ተመልከቱ። ቅንጣት ቅጠሎቹ ተገጣጥመው ታገኛላችሁ። ጣሳ ላይ የተዘራ ቦሎቄም ማታ ቅጠሉን ወደ ታች ይጥላል። እነዚህ በንክኪ ባይንቀሳቀሱም በአንጓቸው ያለው አሠራር ተመሳሳይ ነው፤ የጨለማውን ሙከራ በቦሎቄ መሥራት ይቻላል። በሣር ሜዳ ላይ ደግሞ ካሜክሪስታ ሚሞሶይደስ የሚባል፣ ቢጫ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የደቀቀ አገር በቀል ዘመዳቸው አለ፤ እሾህ የለውም።

ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ፓርክ ስትወጡ አሸዋማ በሆነ የመንገድ ዳር ካሜክሪስታ ኒክቲታንስን ፈልጉ። አበባው ትንሽ፣ ቢጫና ቅጠሉ ሥር የተሸጎጠ ነው፤ ቢነኩት ይታጠፋል፤ ከሚሞሳ ግን በጣም ስለሚዘገይ ነክቶ ጥቂት መጠበቅ ይገባል። ቴክሳስ ያላችሁ በሣር ሜዳው ላይ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ወደ ኋላ የተቆለመመ እሾህና ሮዝ ኳስ አበባ ያለው የሚሞሳ ዝርያ ታገኛላችሁ፤ ባዶ እግር አትሂዱበት። ከፍሎሪዳ እስከ ቴክሳስ ደግሞ ሚሞሳ ስትሪጊሎሳ የሚባል እሾህ አልባ ዝርያ አለ፤ የአገሩ ተወላጅ ስለሆነ በሣር ፋንታ በግቢ ይተክሉታል፤ እዚያ ላላችሁ ወላጆች ከፑዲካ ይልቅ እሱን እመክራለሁ። ፓርክ ውስጥ ያገኛችሁትን ግን እያያችሁ እለፉ እንጂ አትንቀሉ።

ዘር መልቀም

የተመቸው ተክል በበቀለ በጥቂት ወራት ውስጥ ሮዝ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ኳስ አበባ ያወጣል። አንዱ ኳስ ብዙ አይቆይም፤ ሌላው ይተካዋል። ከረገፈ በኋላ ጠርዛቸው ፀጉራም የሆነ ትንንሽ ፍሬዎች በዘለላ ይቀራሉ። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ አትልቀሙት። ወደ ቡናማ ሲለወጥ ግን ተክሉ ላይ ሆኖ እየተሰባበረ ስለሚበተን ቀድማችሁ ዘለላውን በሙሉ ቆርጣችሁ ፖስታ ውስጥ ክተቱ። በረንዳ ላይ ካለ ይህን ሥራ ቸል አትበሉ፤ ፀጉሩ ልብስና የድመት ጠጉር ላይ ተጣብቆ ይሄዳል።

ዘሩን ከቅርፊቱ ፈልፍላችሁ በወረቀት ፖስታ አድርጉ፤ ላስቲክ እርጥበት ይይዛል። የተለቀመበትን ወርና ዓመት ጻፉበት፤ በደረቅ ቦታ ለዓመታት ይቆያል። ለሌላ ሰው ስትሰጡ ከፖስታው ጋር ሞረድ እንደሚያስፈልገውና ከዕቃ ውጭ እንደማይተከል ጽፋችሁ ስጡ። ያረጀውን ተክልና አፈሩን ስታስወግዱ ወደ ቱቦ፣ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ባዶ ቦታ አትድፉት፤ ተክሉን አድርቃችሁ አቃጥሉት፤ አፈሩን ለቀጣዩ ሚሞሳ እዚያው ዕቃ ውስጥ ተዉት።